ፍሬን ለምን እንቢ ይላል?

መኪና በቁልቁለት ሲገለበጥ «ፍሬን እንቢ አለው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ልማድ ሆኗል። እኛ ግን ፍሬኑ ግሎ እስኪከዳ ድረስ ሸክሙ ሁሉ ለምን በእርሱ ላይ ወደቀ ብለን እንጠይቃለን።

በአሮጌ አውቶማቲክ ናፍጣ ላንድ ክሩዘር ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ሳይሆን በኮንቨርተር ውስጥ የሚሽከረከር ዘይት ነው። እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ዘይቱ ስለሚያሟልጭ ሞተሩ ጎማውን አጥብቆ አይይዝም። አብዛኛው ናፍጣ ሞተርም እንደ ቤንዚን ሞተር የአየር መዝጊያ ስለሌለው አየር ለመሳብ አይታገልም፤ መኪናውን የመግታት ኃይሉም ያነሰ ነው።

ለመስክ ጥናት ከማክሰኝት ስንነሣ ይህ ነገር እስከ አዘዞ ድረስ አያሳስብ ይሆናል። ከደባርቅ ወደ አዲአርቃይ፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ዘመን ባሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ስንወርድ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሹን ከ«ዲ» ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» ማውረድ ይገባል፤ ያን ጊዜ ጎማው ሞተሩን በፍጥነት ስለሚያዞረው ሞተሩ መኪናውን ይይዛል። በፎሌ መውረድማ ናፍጣ መቆጠብ ሳይሆን ነፍስን መጣል ነው።

ይህ በመንጃ ፈቃድ ትምህርት በግልጽ ይሰጥ እንላለን። እኛም ስንሳፈር «ጋሼ፣ በስንት ማርሽ ነው የምንወርደው?» ብለን መጠየቅ ነውር አይደለም።