የሚያስጠነቅቀው መብራት ራሱ አደጋ እንዳይሆን

ምጥ የጠናባት እናት ከገጠር ቀበሌ ወደ ሆስፒታል ስትጓዝ በአምቡላንሱ ጣሪያ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ጌጥ አይደለም። በመንገዱ ላይ ላለው አሽከርካሪና እግረኛ ሁሉ «ሕይወት ይዣለሁና መንገድ ልቀቁልኝ» የሚል ጥሪ ነው። የጤና ባለሙያዎች እናቶችን ለሞት የሚዳርጉ መዘግየቶችን በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ ሕክምና ለመሻት በመወሰን፣ ወደ ጤና ተቋም በመድረስ እንዲሁም ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ የሚከሰቱት ናቸው። የማስጠንቀቂያ መብራት የተሠራው ሁለተኛውን መዘግየት ለማሳጠር ነው። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ግን የሚያየው ሰው ሲያምነው ብቻ ነው።

ይህ አመኔታ ዛሬ በሁለት አቅጣጫ እየተሸረሸረ ይገኛል። በአንድ በኩል ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ የሚሰጡ መብራቶች በዝቅተኛ ዋጋ ከመለዋወጫ መደብር እየተገዙ የአደጋ ጊዜ ተልዕኮ በሌላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ ሲገጠሙ ይስተዋላል። በሌላ በኩል መብራቱ በሕግ የተፈቀደላቸው ተሽከርካሪዎችም ቢሆኑ ገጠማውና አጠቃቀሙ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ሁልጊዜ አያገኙም። የመጀመሪያው ችግር የሕግ ማስከበር ጉዳይ እየተባለ በተደጋጋሚ ይነሳል። ሁለተኛው ግን እምብዛም አይወራለትም።

በሕጉ መነሻ እንጀምር። እ.አ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 34 ላይ ልዩ የብርሃንና የድምፅ ምልክት የሚያሰማ ቅድሚያ የተሰጠው ተሽከርካሪ ሲቃረብ ሌላው የመንገድ ተጠቃሚ መንገድ እንዲለቅ፣ ካስፈለገም እንዲቆም ያዛል። ይኸው አንቀጽ ለባለ ቅድሚያው አሽከርካሪ የሚሰጠው መብት ግን ገደብ አለው፤ ከመደበኛው የትራፊክ ግዴታ ነጻ የሚሆነው ሌሎችን ለአደጋ እስካላጋለጠ ድረስ ብቻ ነው። መብራቱ ቅድሚያ ይጠይቃል እንጂ መንገዱ ነጻ መሆኑን አያረጋግጥም።

መብራቱ ራሱ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበትም የተደነገገ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የወጣው ደንብ ቁጥር 65 የማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭታ በሰከንድ ከ2 ያላነሰና ከ4 ያልበለጠ እንዲሆን ይወስናል። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሸፍናል። መብራቱ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ቢበራ መኪናው በሁለት ብልጭታዎች መካከል 11 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። ከዚህ የዘገየ ብልጭታ ተመልካቹ የተሽከርካሪውን አካሄድ እንዳይከታተል ያደርገዋል፤ ከልክ ያለፈ ፍጥነት ያለው ደግሞ ዓይንን ያውካል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የብርሃኑ መጠን ነው። «ይበልጥ የደመቀ ይበልጥ ይጠብቃል» የሚለው አስተሳሰብ በቀን ሊሠራ ይችላል፤ በሌሊት ግን ይከሽፋል። በጨለማ የለመደ ዓይን ድንገት ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት ከብርሃኑ አጠገብ የቆመውን ሰው ማየት ይሳነዋል። አደጋ በደረሰበት ቦታ በአምቡላንሱ ዙሪያ የሚሯሯጡት የሕክምና ባለሙያዎችና የትራፊክ ፖሊሶች ለአደጋ የሚጋለጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ የተጠቀሰው ደንብ ለቀንና ለሌሊት ሁለት የድምቀት ደረጃ ያላቸውን መብራቶች ለይቶ የሚያስቀምጠውም ለዚሁ ነው። በሊማሊሞና በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገዶች ከፊት ለፊት የሚመጣ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ለጥቂት ሰከንዶች እንኳ ዓይኑ ቢደነግዝ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። እንደ ጣርማ በር ባሉ ጭጋጋማ ቦታዎች ደግሞ ነጭ ብልጭታ ከጭጋጉ ላይ ተመልሶ የባለ መብራቱን አሽከርካሪ ራሱን ያሳውረዋል።

ወደ ገጠማው ስንመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ የኤሌክትሪክ ነው። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ አራት አምፖሎች በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 18 አምፔር ያህል ይስባሉ። ይህን ኃይል ለሌላ አገልግሎት ከተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ መቀጠል ሽቦውን አግሎ ለእሳት ይዳርጋል። ትክክለኛው አሠራር ከባትሪው ራሱን የቻለ መስመር መሳብ፣ ፊውዙን በተቻለ መጠን ለባትሪው አቅርቦ ማሰር፣ ማብሪያውን በሪሌይ በኩል ማገናኘትና ሽቦው ብረት ቀድዶ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የላስቲክ መከላከያ ማድረግ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ከፍ ባለ መተካት ወይም በሽቦ መቋጠር ችግሩን መሸፈን እንጂ መፍታት አይደለም። ብዙዎቹ ከባድ የእሳት አደጋ መኪኖች በ24 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው ለአምቡላንስ የተገዛን ባለ 12 ቮልት መብራት በእነርሱ ላይ ማሰርም አይቻልም።

የኤል ኢ ዲ መብራቶች የሚስቡት ኃይል አነስተኛ ስለሆነ ሸክሙን በእጅጉ አቅልለውታል። ያም ሆኖ ሞተር ጠፍቶ ለረጅም ሰዓት ከበሩ ባትሪ ማድከማቸው አይቀርም። የባትሪው ኃይል መጠበቂያ ያልተገጠመለት አምቡላንስ ወላዷን ለማንሳት በቆመበት ሞተሪኖው አልነሳ ሊለው ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የአቀማመጥ ነው። በማግኔት ብቻ የተለጠፈ መብራት በፍጥነትና በኮረኮንች መንገድ ተፈንቅሎ ከኋላ የሚመጣውን ሊመታ ይችላል። ጣሪያ ተበስቶ ሲታሰር ቀዳዳው በሚገባ ካልታሸገ የክረምት ዝናብ ገብቶ ሽቦውን ያበላሻል፣ ብረቱንም ያዝጋል። ከፓራብሬዛ ጀርባ የሚቀመጥ መብራት መከለያ ከሌለው ነጸብራቁ በአሽከርካሪው ዓይን ላይ ያርፋል። ኤርባግ በሚፈነዳበት አቅጣጫ የታሰረ ዕቃ በግጭት ጊዜ ወደ ተሳፋሪው ይወረወራል። ማስጠንቀቂያው ፍሬቻን ወይም የፍሬን መብራትን የሚሸፍን ከሆነም የኋላው አሽከርካሪ አምቡላንሱ ወዴት እንደሚታጠፍና መቼ እንደሚቆም ማወቅ አይችልም።

በሚገባ የተገጠመ መብራትም በአጠቃቀም ጉድለት ጎጂ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለእሳት አደጋ መኪኖች ባወጣው መስፈርት መኪናው መንገድ በሚጠይቅበት ጊዜና ቆሞ አደጋ ቦታን በሚከልልበት ጊዜ የሚበሩትን መብራቶች ይለያል፤ መኪናው ከቆመ ነጩ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። መርሁ ለእኛም ይሠራል። የቆመ መኪና ሊያስተላልፍ የሚገባው መልዕክት «ቀስ ብላችሁ እለፉ» የሚል እንጂ «መንገድ ልቀቁ» የሚል አይደለም።

ከሁሉ በላይ መብራቱ ፍጥነትን እንደማያስፈቅድ መታወቅ አለበት። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቀትን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር መጓዝ 22 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ደግሞ 18 ደቂቃ። የተረፈው አራት ደቂቃ ተኩል ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚጓዘው ርቀት ግን ከግማሽ በላይ ይጨምራል። እ.አ.አ. በ2019 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሕሙማን በሚጓጓዙበት ወቅት መብራትና ሳይረን መጠቀም ከማይጠቀሙት ጋር ሲነጻጸር የግጭት መጠንን ከሁለት እጥፍ በላይ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። እንግዲህ መብራቱ መብራት ያለበት የታማሚው ሁኔታ ሲያስገድድ ነው። በርቶም ቢሆን አምቡላንሱ መገናኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ የሁሉንም አቅጣጫ አሽከርካሪ ዓይን አይቶ ማለፍ ይጠበቅበታል። በገጠር መንገድ ላይ ደግሞ የመብራትን ትርጉም የማያውቁ ከብቶችና ሕፃናት እንዳሉ መዘንጋት የለበትም።

የሌላው አሽከርካሪ ድርሻም ግልጽ ነው፤ ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ መጠጋት፣ በድንገት መሐል መንገድ ላይ አለመቆም፣ አምቡላንሱ ሲያልፍ የተከፈተለትን መንገድ ተከትሎ አለመብረር።

ከዚህ ሁሉ የሚመነጩት ተግባራት ከአቅም በላይ አይደሉም። በየዓመቱ በሚካሄደው የተሽከርካሪ ምርመራ ላይ ያልተፈቀደ ብልጭታ እንዲነሳ ማድረግ፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና የሚገዛ መብራት መስፈርት ያሟላና የሌሊት ድምቀት መቀነሻ ያለው እንዲሆን በግዥ ሰነድ ላይ ማስፈር፣ ገጠማውን የሙያ ብቃት ላላቸው ኤሌክትሪሽያኖች ብቻ መስጠት፣ አሽከርካሪዎችንም መብራቱን መቼ ማብራት እንዳለባቸው ማሠልጠን ይቻላል። ለሰርግ አጀብና ለችኮላ በሚበራ መብራት የተሰላቸ አሽከርካሪ ነገ እውነተኛው አምቡላንስ ሲመጣ መንገድ ለመልቀቅ ያመነታል። የዚህን ማመንታት ዋጋ የምትከፍለው በአምቡላንሱ ውስጥ የተኛችው እናት ናት።