ዓይን “ፕሮፌሽናል”፣ ጆሮ ግን አይደለም? አዲሱ የአሜሪካ የብድር ጣሪያና የኦዲዮሎጂ ተማሪዎች

አሜሪካ ውስጥ ዓይን መርምሮ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ፣ ማለትም ኦፕቶሜትሪስት ለመሆን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዓመት ይፈጃል። የመስማት ችሎታን የሚመረምር ባለሙያ፣ ማለትም ኦዲዮሎጂስት ለመሆንም እንደዚያው 4 ዓመት። ሁለቱም ሲመረቁ የዶክትሬት ዲግሪ ይይዛሉ። ሁለቱም የግዛት ፈቃድ ሳያወጡ በሽተኛ ማየት አይችሉም።

ከጁላይ 1 ቀን 2026 (በእኛ ሰኔ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.) ጀምሮ ግን በመንግሥት ብድር በኩል መንገዳቸው ይለያያል። የዓይኑ ተማሪ በዓመት እስከ 50 ሺህ ዶላር ሊበደር ይችላል። የጆሮዋ ተማሪ ግን 20,500 ላይ “በቃ” ትባላለች። ልዩነቱ የመጣው ከአንድ ቃል ነው፦ “ፕሮፌሽናል”።

ነገሩን ከሥሩ እንየው።

▪️ ምን ተቀየረ?

ፕሬዝዳንት ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ ውስጥ የተማሪ ብድርን የሚመለከት ክፍል አለ። ሕጉ “ግራድ ፕላስ” የሚባለውን ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ይዘጋል። ግራድ ፕላስ ከ2006 ጀምሮ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራዩንና የምግቡን ጭምር እንዲበደሩ ያስችል ነበር።

በምትኩ ሁለት ጣሪያ መጣ፦

• ለመደበኛ ድህረ ምረቃ፦ በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100,000
• ለ“ፕሮፌሽናል” ዲግሪ፦ በዓመት 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 200,000

ታዲያ “ፕሮፌሽናል” ማነው? የትምህርት መሥሪያ ቤቱ የሰበሰበው ኮሚቴ ኖቬምበር 2025 ላይ በአንድ ትርጉም ተስማማ። ዝርዝሩ ውስጥ ሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ሕግ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ ኦፕቶሜትሪ፣ ካይሮፕራክቲክ፣ የእግር ሕክምና፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ አሉ። ሥነ መለኮትም አለ። ኦዲዮሎጂ ግን የለም። ነርሲንግ፣ ፊዚዮቴራፒና ፊዚሺያን አሲስታንትም እንደዚሁ ከውጭ ቀርተዋል። የአሜሪካ ኦዲዮሎጂ ማኅበራት ይህን ተቃውመዋል።

▪️ ሂሳቡን እንሥራው

ወረቀት ላይ የኦዲዮሎጂ ተማሪ ጣሪያ 100 ሺህ ነው። ነገር ግን የዓመቱ ገደብ ቀድሞ ይይዛታል፤ 20,500 ሲባዛ በ4፣ 82 ሺህ ዶላር። 100 ሺህ የሚለው ቁጥር ጋ መድረስ እንኳን አትችልም።

ለምሳሌ ክፍያና ኑሮ ተደምሮ በዓመት 45 ሺህ ዶላር የሚፈጅ ፕሮግራም እንውሰድ። በ4 ዓመት 180 ሺህ ይሆናል። ከመንግሥት የሚገኘው 82 ሺህ ሲቀነስ 98 ሺህ ዶላር ክፍተት ይቀራል።

“ታዲያ ትምህርቱን ለምን አያሳጥሩትም?” የሚል አይጠፋም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በ3 ዓመት የሚጨርሱ ፕሮግራሞች አሏቸው። ግን ገደቡ በዓመት ስለሆነ በ3 ዓመት የምትጨርስ ተማሪ መበደር የምትችለው 61,500 ብቻ ነው። ያው ትምህርት በአጭር ጊዜ ሲታጨቅ የዓመቱ ወጪ ይጨምራል፣ የዓመቱ ብድር ግን አይጨምርም። በሌላ አነጋገር ሕጉ ቶሎ ጨርሶ ሥራ መግባትን ይቀጣል።

▪️ ግን ኦዲዮሎጂስት ምን ይማራል?

ብዙ ሰው ሥራው “የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ መሸጥ” ይመስለዋል። እውነታው ሌላ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከድምፅ ፊዚክስ፣ ከጆሮና ከአንጎል አወቃቀር፣ አንጎል ድምፅን እንዴት እንደሚተረጉም ከሚያጠና ዘርፍ ነው። ቀጥሎ ምርመራው ይመጣል። ገና የተወለደ ሕፃን “ሰማሁ፣ አልሰማሁም” ብሎ አይመልስልህም። ስለዚህ ጭንቅላቱ ላይ ኤሌክትሮድ ተለጥፎ ነርቩ ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ይለካል። የዚያን ሞገድ ንባብ መማር ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። ከዚያ የመስሚያ መሣሪያ ማስተካከል፣ በቀዶ ሕክምና የሚተከለው ኮክሌር ኢምፕላንት፣ የጆሮ ጩኸት፣ የሚዛን መዛባትና የማዞር ችግር፣ ልጃቸው እንደማይሰማ ዛሬ የተነገራቸውን ወላጆች ማማከር ይከተላሉ።

ክሊኒክ የሚጀምረው ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። አራተኛው ዓመት ደግሞ በአብዛኛው ሙሉ ጊዜ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ውስጥ በተቆጣጣሪ ሥር የሚሠራበት ነው። በብዙ ፕሮግራሞች በዚያ ዓመትም ለዩኒቨርሲቲው መክፈል አይቆምም። በመጨረሻ ብሔራዊ ፈተና፣ ከዚያ የግዛት ፈቃድ። ይህ “ፕሮፌሽናል” ካልሆነ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

▪️ የሌላውን ወገን ክርክርም እንስማ

መሥሪያ ቤቱ “ፕሮፌሽናል የሚለው የብድር ምደባ እንጂ የሙያ ክብር መለኪያ አይደለም” ይላል። ዋናው ክርክሩ ደግሞ ይሄ ነው፦ መንግሥት ያለ ገደብ ሲያበድር ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ገደብ ዋጋ ጨመሩ፤ ብድሩ ሲጠብብ ዋጋውም ይወርዳል።

ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። የኦዲዮሎጂስት መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 90 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። በዚህ ደመወዝ 180 ሺህ ዕዳ መክፈል ከባድ ነው። ሙያው ራሱም የራሱን ድርሻ መውሰድ አለበት። ድሮ ማስተርስ ይበቃ ነበር፤ የመጀመሪያው የክሊኒካል ዶክትሬት ፕሮግራም ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ውስጥ የተከፈተው በ1990ዎቹ ነው፣ ኋላ ላይ መግቢያው በሙሉ ዶክትሬት ሆነ። ዓመታቱ ሲረዝሙ ዕዳውም ረዘመ፤ ደመወዙ ግን በዚያው ልክ አልተከተለም።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ዋጋው እስኪወርድ ድረስ ማን ነው የሚጠብቀው? ዩኒቨርሲቲ ዋጋ የሚቀንሰው፣ ከቀነሰ፣ በዓመታት ውስጥ ነው። ተማሪዋ ግን ክፍያ የሚጠየቀው በዚህ ሴሚስተር ነው።

▪️ ክፍተቱን የሚሞላው ማነው?

መልሱ የግል ባንክ ነው። የግል ባንክ ደግሞ “ማን ይፈርምልሻል?” ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ክሬዲት ያለው፣ ቋሚ ገቢ ያለው ፈራሚ። ቤተሰቧ እዚህ ሀገር ሦስት ትውልድ የኖረላት ልጅ አባቷ ይፈርማል። ከመጡ አሥር ዓመት ያልሞላቸው፣ ኪራይ ከፍለው ሀገር ቤት ለዘመድ የሚልኩ ወላጆች ያሏት ልጅስ? ጣሪያው ለሁሉም እኩል ይመስላል እንጂ የሚያርፈው እኩል አይደለም።

እኛን የሚመለከተውም እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት ዋሽንግተን አካባቢ ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲና ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ዲግሪ ይሰጣሉ። አማርኛ የሚችል ኦዲዮሎጂስት መኖሩ ደግሞ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከምርመራዎቹ አንዱ በሽተኛው የሰማውን ቃል መልሶ እንዲናገር ማድረግ ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እናት በእንግሊዝኛ ቃላት ሲፈተኑ ስህተቱ የጆሮ ይሁን የቋንቋ በምን ይለያል? በአማርኛ “መጣ” እና “መታ” የሚለያዩት በአንዲት ድምፅ ነው። ያቺን ልዩነት ሰምቶ የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል።

ባለሙያው ድሮም ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ ያሉት ለ20 ሺህ ሰው አንድ እንኳን አይደርሱም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሀገራት 93 በመቶው ለአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ኦዲዮሎጂስት የላቸውም። በ2050 ወደ 2.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው በተወሰነ ደረጃ የመስማት ችግር ይኖረዋል ተብሎ ይገመታል።

“ኤርፖድስ መስሚያ ሆኗል፣ ባለሙያ ምን ያደርጋል?” የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መስሚያዎች ተፈቅደዋል። ግን የተፈቀዱት ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆነና ችግራቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰዎች ነው። ሕፃን በ1 ወሩ ተመርምሮ፣ በ3 ወሩ ችግሩ ታውቆ፣ በ6 ወሩ ድጋፍ መጀመር አለበት የሚለውን መመሪያ ኤርፖድስ አይፈጽመውም።

▪️ ልታመለክቱ ያሰባችሁ ምን ታድርጉ?

• ከጁላይ 1 ቀን 2026 በፊት ፕሮግራሙን ጀምራችሁ የፌዴራል ብድር የወሰዳችሁ፣ በአሮጌው ደንብ እስከ 3 ዓመት ወይም እስክትጨርሱ (ከሁለቱ ባጠረው) መቀጠል ትችላላችሁ። ከመዘዋወራችሁ ወይም ከማቋረጣችሁ በፊት የብድር ቢሮውን ጠይቁ።
• የምትኖሩበትን ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስቀድሙ። ለነዋሪ የሚጠየቀው ክፍያ በብዙ ቦታ በጣም ያንሳል።
• ዩኒቨርሲቲውን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የረዳትነት ሥራ ለስንት ተማሪ ይሰጣል? የአራተኛው ዓመት ልምምድ ይከፈልበታል ወይስ ታስከፍላላችሁ?
• ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለምትመጡ፦ የፌዴራል ብድር ድሮም አታገኙም፣ ስለዚህ ጣሪያው በቀጥታ አይነካችሁም። ግን የረዳትነት ቦታ ፈላጊው ስለሚበዛ ፉክክሩ ይጠነክራል ብለን እንገምታለን።

የብድር ጣሪያ መጣሉ በራሱ ስህተት ነው አንልም። ግን ዓይንን አስገብቶ ጆሮን የሚያስወጣ ዝርዝር በዕዳ ላይ ብቻ አይወስንም፤ ነገ ክሊኒክ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥም አብሮ ይወስናል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በጤና ሙያ ድህረ ምረቃ እየተማራችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ ክፍተቱን በምን ልትሸፍኑት እንዳሰባችሁ ጻፉልን።