ግትር ሁሉ ጠንካራ አይደለም (የባሌስትራ ወግ ከካራ)

በአገራችን የመኪና ባሌስትራ ሁለት ሕይወት አለው። መጀመሪያ ፒክአፕ ወይም አይሱዙ ሥር ሆኖ ጭነት ይሸከማል። አርጅቶ ሲሰበር ደግሞ ቀጥቃጭ እጅ ይገባና ማጭድ፣ ማረሻ ወይም ቢላዋ ይሆናል። ስለዚህ ካራ በሚባል ሰፈር ስለ ባሌስትራ ብናወራ ማንም ሊገርመው አይገባም፤ ካራም ቢላዋ ነውና! (የሰፈሩ ስም ከዚያ መጣ አላልኩም፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንዳትቆጡኝ።)

"ሴት ልጅ ስለ ባሌስትራ ምን አገባት?" የምትሉ አትጠፉም። መልሴ አጭር ነው፦ ስለምሳፈር ያገባኛል። እናንተም ስለምትሳፈሩ ያገባችኋል።

ካራ የአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በር ነው። ከመገናኛ ተነሥቶ ኮተቤን የሚያቋርጠው መንገድ ካራን አልፎ ወደ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን ያመራል። ደሴም የሚኬደው በዚሁ ነው። በግራ በኩል ደግሞ የእንጦጦ ሰንሰለት ከነባሕር ዛፉ ቆሟል። ከአስፋልቱ ታጥፋችሁ ወደ ተራራው ስትወጡ ድንጋይ፣ ቦይና ክረምት የቆፈረው ጉድጓድ ይጠብቃችኋል። አንድ መኪና በአንድ ቀን አስፋልትም፣ ጭቃም፣ አለትም የሚረግጥበት ቦታ ነው።

እዚያ መንገድ ዳር ቆማችሁ ፒክአፖቹን ብትታዘቡ ሁለት ዓይነት ፋሽን ታያላችሁ። የመጀመሪያው የጭነት ፋሽን ነው፦ ባሌስትራ ተጨምሮበት ኋላው እንደ ፌንጣ የተነሣ። ሁለተኛው የወጣት ፋሽን ነው፦ ከፍ የተደረገ፣ ጎማው የወፈረ፣ ጣራው ላይ መብራት የተደረደረበት። የሁለቱንም ባለቤት "ለምን?" ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ "ጠንካራ እንዲሆን ነዋ!"

እኔ ጠቤ ከዚህ መልስ ጋር ነው። ከፍታ ጥንካሬ አይደለም። ግትርነትም ጥንካሬ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና እግር ዋና ሥራው መኪናውን ከፍ አድርጎ መያዝ ሳይሆን ጎማውን ከመሬት ጋር ማቆየት ነው። መሬቱ ሲነሣ ጎማው መነሣት፣ ጉድጓድ ሲመጣ መውረድ አለበት። ጎማው ከታች እስከ ላይ የሚንቀሳቀስበትን ርቀት ባለሙያዎች "ትራቭል" ይሉታል። አየር ላይ የተንጠለጠለ ጎማ ፍሬን የለውም፤ መሪም አይሰማም። ይህን እስከ መጨረሻው የገፉት የበረሃ እሽቅድድም ሰዎች ናቸው። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሜክሲኮ የሚካሄደው የባሃ 1000 ውድድር ላይ የሚሮጡት ትልልቆቹ ፒክአፖች የኋላ ጎማቸው ከ75 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይወጣል ይወርዳል። ድንጋዩ ላይ ሲበሩ ጎማው እንደ እብድ ሲዘል ጋቢናው ግን ጸጥ ይላል። ጥንካሬ እንግዲህ ይህ ነው፤ መተጣጠፍ!

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። 5 ብረት ባለው ባሌስትራ ላይ ርዝመቱም ውፍረቱም እኩል የሆነ 1 ብረት ብትጨምሩ ግትርነቱ በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። "ወፈር ያለ አምጣልኝ" ካላችሁ ደግሞ ሒሳቡ ይብሳል፤ የአንድ ብረት ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በኩብ ስለሚያድግ እጥፍ የወፈረ ብረት 8 እጥፍ ይገትራል። መኪናው ሙሉ ሲጫን ደህና ይመስላል። ባዶውን ሲመለስ ግን ኋላው ይዘላል፤ ጎማው መሬት ይለቃል፤ ጭቃ ላይ ፍሬን የያዘ ሹፌር መኪናው እንደ ሳሙና ይንሸራተትበታል። እኛ አገር ባዶ ፒክአፕ ባዶ እንደማይሄድ ደግሞ ታውቃላችሁ። ከኋላ ሰው አለ፤ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች።

የወጣቶቹ ፋሽንም ከዚህ አይሻልም። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2005 ገደማ የተሠሩ ብዙ ባለ ፎር ዊል ሃይሉክሶች ፊታቸው በቶርሽን ባር የቆመ ነው። ቡሎኑን በቁልፍ ስታጠብቁት መኪናው ብድግ ይላል። ርካሽ ነው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ግን ምን ተገኘ? ትራቭሉ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አልጨመረም። ጎማው ወደ ታች ሊወርድበት የሚችለው ርቀት ተበላ እንጂ! ጉድጓድ ሲመጣ የሚወርድበት ቦታ ስለሌለው ይንጠለጠላል። ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግም ሳይፈልግ ተጣሞ ይሽከረከራልና ቶሎ ይበላል። መኪናው ረዘመ፤ እግሩ ግን አጠረ።

እውነተኛ ትራቭል የሚፈልግ ሰው ሥራው ብዙ ነው። ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ (ጋራዥ ውስጥ "ብራቾ" የሚሉት) መርዘም አለበት። ከእሱ ጋር ዘንጉ፣ አሞርዛተሩና የፍሬን ቱቦው አብረው ይረዝማሉ። ጎማው ከልኩ በላይ እንዳይወርድ የሚይዝ ቀበቶ፣ ከልኩ በላይ እንዳይወጣ የሚመክት ላስቲክ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የማጠናቀቂያ ሥራ ነው፤ ሰው የሚሞተውና የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው። ሞላው ወጥቶ ጎማው በክሪክ ቀስ እየተባለ ከታች እስከ ላይ ይነሣል፤ በየደረጃው መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። ቱቦው ተወጠረ ወይ? ጎማው ፓራፋንጎውን ነካ ወይ? ዘንጉ ሊወልቅ ደረሰ ወይ? ይህ ሁሉ ቆሞ ይታያል። ብየዳው ይጸዳል፣ ስንጥቅ ይፈለግበታል፣ ዝገት እንዳይበላው ቀለም ይቀባል። ቡሎኖቹ በልካቸው ይጠብቃሉ፤ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሻሉ። አላይመንት መጨረሻ ነው። ይህ ሁሉ አሜሪካ መሄድ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

"ድሃ አገር ነን፤ መኪናው ካልጫነ ባለቤቱ ምን ይብላ?" የሚለው ክርክር ይገባኛል፤ ቀልድ አይደለም። ግን አንድ ሃይሉክስ የተሠራው ወደ 10 ኩንታል እንዲሸከም ነው። ባሌስትራ ጨምራችሁ 20 ኩንታል ብትጭኑበት የጨመረው ባሌስትራው ብቻ ነው። ፍሬኑ ያው የ10 ኩንታል ፍሬን ነው። ኩሽኔታውም፣ ሻንሲውም እንደዚያው። ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ልዩነቱን የሚነግራችሁ ገደሉ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ደግሞ የተሰበረ ባሌስትራ በይዶ መመለስ ነው። ባሌስትራ ተራ ብረት አይደለም። የሚተጣጠፈው በልኩ ግሎ፣ በልኩ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ ሞቆ ስለተሠራ ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው ያ ሁሉ ይበላሻል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። የገጠር ቀጥቃጭ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከባሌስትራ ቢላዋ ሲሠራ መቼ እንደሚያግል፣ መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነክር በዓይኑ ይለካል። የእሱን ዕውቀት ግን "እጅ ሥራ" ብለን ናቅነው።

እዚህ ላይ ታሪክ ልጥቀስ። የቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ መኪና ከጅቡቲ ተነሥታ አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። መኪናዋን ወደድናት፤ አዋጁን ረሳነው። እስከ ዛሬ ልጁ ጋራዥ ሲገባ "ትምህርት እምቢ ብሎት" የሚል ቤተሰብ ስንት ነው? የተናቀ ሙያ ደረጃ አይወጣለትም፤ ደረጃ የሌለው ሙያ ደግሞ ይገድላል።

ጉዳዩ ወደፊት ይብሳል እንጂ አይቀንስም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ያሉን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ ይጠገናሉ፣ ይቀየራሉ፣ ይበየዳሉ። ክልከላ ብቻ ሥራውን ወደ ጓሮ ይገፋዋል። ዝምታም ያው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ባይ ነኝ። በ681/2002 አዋጅ መሠረት መኪና በየዓመቱ ይመረመራል፤ ቦሎ የሚለጠፈውም ለዚህ ነው። እንግዲያው እግሩ የተቀየረ መኪና ሲመጣ ጎማው ተንጠልጥሎ ቱቦው ይታይ፣ ብየዳው ይታይ። ማን እንደሠራው የሚናገር የጋራዥ ወረቀት ይኑር። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ደግሞ የባሌስትራን ብረት ከቀጥቃጩም ከመሐንዲሱም አንደበት ያስተምሩ። ደህና የሠራው ይሞገስ፤ ያበላሸው ይጠየቅ።

እናንተስ? ፒክአፕ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አንዱን ጥግ በሁለት እጃችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። አንዴ ተነሥቶ ከረጋ አሞርዛተሩ ሕይወት አለው። እንደ ሕፃን ፍራሽ ደጋግሞ ከዘለለ ግን ሹፌሩን "ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ይታይ" በሉት። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ! የሹፌር ቁጣ ከጣርማ በር ገደል ይሻላል።

መንገዱን ቀና ያድርግልን!