ድፍረት ከጓደኛ ይገኛል

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣ የትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ስለ ልጆች ካርቱን ልጽፍ ስለ ተነሣሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። ፈገግታችሁን አልነቅፍም። ሆኖም ነገሩ ከክፍላችን፣ ከፈተናችንና ከጎረቤቶቻችን ልጆች ዕድል ጋር የሚገናኝ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ካርቱኑ «ጥበብ ገርልስ» ይባላል። ያዘጋጀው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለ በአዲስ አበባ የሚገኝ ድርጅት ሲሆን፣ ድርጅቱን በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2005 ከባለቤቷ ጋር ያቋቋመችው ቀድሞ የሕፃናት አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት። ብዙዎቻችን ፊደል ሳንለይ በቴሌቪዥን ያወቅናት ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔም የዚሁ ድርጅት ልጅ ናት። የጥበብ ገርልስ ታሪክ ከሰው የተለየ ኃይል ስላላቸው ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ነው። የሚዋጉትም ከሌላ ዓለም ከመጣ ጭራቅ ጋር አይደለም። ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ የሴት ልጅ ግርዛትን፣ በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት መቅረትን፣ ባጭሩ እኛ ራሳችን በስሙ የምናውቀውን ጠላት ይገጥማሉ።

ይህን ካርቱን ከታናሽ እህቴ ጋር ሳይ አንድ ነገር አስደነቀኝ። ከውጭ አገር የሚመጣው ጀግና፣ ሱፐርማንም ይሁን ሌላው፣ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ከሰማይ ይወርዳል፤ ብቻውን ያድናል፤ ብቻውንም ተመልሶ ይሄዳል። እነዚህ ልጆች ግን ሦስት ናቸው። ሦስት መሆናቸው ለጌጥ የተደረገ አይመስለኝም። ለእኛ ሁልጊዜ የሚሰጠን ምክር «በመጀመሪያ በራስህ ተማመን፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ይሆንልሃል» የሚል ነው። መካሪዎቻችንን አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ ምክሩ ቅደም ተከተሉን ያዛወረ ይመስለኛል። ሰው ፍርሃቱ ከለቀቀው በኋላ ከጓደኞቹ ጋር አይቆምም፤ ከጓደኞቹ ጋር ከቆመ በኋላ ነው ፍርሃቱ የሚለቀው።

ስሙን እንኳ እንመልከት። «ጥበብ» ማለት አንደኛ ዕውቀት፣ ማስተዋል ማለት ነው። ሁለተኛም በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ በቀለም ፈትል የሚሸመነው ጌጥ ጥበብ ይባላል። ይህን ጌጥ የሚሸምነው ማን እንደ ሆነ ለጋሞ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ከዶርዜና ከጨንቻ ተነሥተው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩት አባቶችና ወንድሞች የኛው ናቸው። ታዲያ አንድ ሸማ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሠራም። እናት በእንዝርት ትፈትላለች፤ ልጅ በቀሰም ላይ ያጠነጥናል፤ አባት ከመጠቅለያው ፊት ተቀምጦ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካል። አንዱን ክር ለብቻው ብትስበው በጣትህ ይበጠሳል። አያቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ ክሩ በመጀመሪያ ይወፍር አላሉም። እንደ ቀጠነ ይበርና ከሌላው ጋር ይግጠም ማለታቸው ነው። (ሸማኔን ንቆ ሸማውን የሚመርጥ ሰው መኖሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

አሁን ወደ ክፍላችን ልግባ። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በታወቀ ጊዜ በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ያን ቁጥር ያልሰማ ተማሪ የለም። በዚያ ዓመት እኛ ገና ታናናሾች ብንሆንም ቁጥሩ በየቤታችን ገብቶ ተቀመጠ። «ከመቶ ሦስት ከሆነ እኔ ከየት አባቴ?» የሚለውን ቃል ከጎበዞቹ አፍ እንኳ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ያለው ተስፋ መቁረጥ ከስንፍና ይልቅ ይከፋል፤ ሰነፍን መቆጣት ይቻላል፤ ራሱን የናቀን ሰው ግን ቁጣ የባሰውን ያሳንሰዋል።

ይህም በየቀኑ ይታያል። ከደጋ የመጣ ልጅ በቤቱ ጋሞኛ ሲናገር አድጎ እዚህ በአማርኛ ይቀለድበታል፤ በእንግሊዝኛ ይጠየቃል። መልሱን ያውቀዋል፤ ደብተሩ ላይ ጽፎት በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጁን ግን አያነሣም። ከሴቶቹም ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ነገር ግን አንድ መምህር ሦስት ሦስት ሆነን አምስት ደቂቃ እንድንመካከር ባደረጉን ጊዜ ያ ዝምተኛ ልጅ ተነሥቶ «የኛ ቡድን ያሰበው እንዲህ ነው» ብሎ ሲናገር ሰማሁ። ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። «እኔ» ለማለት ያልደፈረ አፍ «እኛ» ለማለት ደፈረ። ቢሳሳት ስሕተቱ ለሦስት ይከፈላል፤ ቢስቁበትም ሳቁ ለሦስት ይከፈላል። ከዚያ ቀን በኋላ ብቻውንም እጁን ሲያነሣ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ትንሽ ነው የሚል ቢኖር፣ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንዳነሣ ይጠይቅልኝ።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። «የቡድን ሥራ የሰነፍ መደበቂያ ነው፤ አንዱ ይሠራል፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ» ይባላል። እውነት ነው፤ ይህን የሚክድ ተማሪ ቢኖር ስሙን ካስጻፉት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን መደበቂያ የሚገኘው ቡድኑ ሰባትና ስምንት ሲሆን ነው። ሦስት ሰው መካከል የሚደበቅ የለም፤ አንዱ ዝም ካለ ወዲያው ይታወቃል። ደግሞ «በፈተና አዳራሽ እያንዳንዱ ብቻውን ይቀመጥ የለም ወይ?» ይባላል። አዎን፣ ይቀመጣል። ሆኖም ለጓደኛው አንድ የሒሳብ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ያስረዳ ልጅ ወደዚያ አዳራሽ ሲገባ ያን ጥያቄ ብቻውን አይገጥመውም።

ከካርቱኑ ጋር የማልስማማበት ነገርም አለ። ልጃገረዶቹ ልዩ ኃይል አላቸው። የፊልም ሕግ ስለ ሆነ አልፈርድበትም፤ ይሁን እንጂ ታናሽ እህቴ «እኛስ ኃይሉን ከየት እናመጣለን?» ብላ ስትጠይቀኝ መልሱን ከፊልሙ ውስጥ አላገኘሁትም። ያገኘሁት እዚሁ አርባ ምንጭ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ በደረሰ ጊዜ፣ ወሬው ከተማችን ሲገባ ወጣቶች ተቆጥተው ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎችም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ያን ሣር ተሻግረው አላለፉም። በዚህ ከተማ የሚኖሩ የሌላ ብሔር ሰዎችም ከአደጋ ተረፉ። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርሁ፤ ፎቶግራፉን ያየሁት በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ አልፈሩም ብዬ አላምንም፤ የተቆጣን ሰልፍ በባዶ እጁ ሲያይ የማይፈራ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ተንበርክኮ ቢሆን ምን ይደርስበት እንደ ነበር ማን ያውቃል? እነርሱ ግን ጎን ለጎን ተንበረከኩ። ለእህቴ ያሳየኋት ይህን ፎቶግራፍ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ስለ ማርክ ብቻ ብዬ አይደለም። ከደጋችን ስንት ሕፃናት «እናስተምራቸዋለን» እየተባለ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከጧት እስከ ማታ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ እንደሚውሉ ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ተጽፏልም። ስለዚህ በአንዳንድ ክፍል ውስጥ ሰኞ ዕለት አንድ ቦታ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ወይም አንዲት ልጅ ትቀርና በሁለተኛው ሳምንት ተድራለች ይባላል። አንድ ተማሪ ብቻውን ተነሥቶ «የት ሄደች?» ቢል «አንተ ምን አገባህ?» ተብሎ ይቀመጣል። ሦስት ሆነው መምህሩን ቢጠይቁ ግን መምህሩ ርእሰ መምህሩን ይጠይቃል። ሠላሳ ሆነው ቢጠይቁ ደግሞ ቀበሌው ይሰማል። ካርቱኑ ስለዚህ ነገር የሚያስተምረው ለሕፃናት ነው ይባላል፤ እኔ ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ለደረስነው ይበልጥ የተገባ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሕፃን ቢጠይቅ ልጅ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ የእኛን ጥያቄ ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ማታ ልጃችሁ «ከጓደኞቼ ጋር ላጠና ነው» ሲላችሁ ሁልጊዜ ለጨዋታ ነው ብላችሁ አትጠርጥሩ። ጥርጣሬያችሁ አንዳንድ ጊዜ ትክክል መሆኑን አልሸሽግም። ቢሆንም ልጅ ሴት ስለ ሆነች ብቻ ከቤት እንዳትወጣ ከተከለከለች፣ ጓደኞቿ ወደ ቤታችሁ እንዲመጡ ፍቀዱላት። ቡና ሲፈላ ሦስት ልጆች በአንድ መብራት ቢያነቡ ቤቱን አያጠብቡትም።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። እኛ ዘጠኝ ተማሪዎች፣ ሦስት ሦስት ሆነን ለማጥናት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲከፈትልን በጽሑፍ ጠይቀናል። ቁልፉን ተረክቦ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ መጽሐፍ ቢጠፋም የሚጠየቅ ከያንዳንዱ ቡድን አንድ ሰው በተራ መድበናል። ማመልከቻው በየካቲት ወር ገብቷል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።