ሞተረኛው መሐል ለመሐል ይለፍ! ግን በስንት?

ባለፈው አርብ ማምሻውን ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተደርድረን ነበር። (ተደርድረን ስንል የምር ነው፤ የሦስት ሰው ወንበር ላይ አራት ሆነን።) መንገዱ ዝግ ነው። የምግብ ሳጥን የጫነ አንድ ሞተረኛ ከኋላ መጣና በእኛና በቀኛችን በቆመችው ቪትዝ መሐል ሊሾልክ ሲል ረዳቱ "ወራጅ አለ!" ብሎ በሩን ከፈተው። ወራጇ አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳረፈች፣ ሞተረኛው ፍሬን ያዘ፣ የሳጥኑ ጥግ የቪትዟን ስፖኪዮ ገጨው። ሰው አልተጎዳም። ቀጥሎ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሾፌሩ ሞተረኛውን ሰደበ፣ ሞተረኛው ረዳቱን፣ ረዳቱ ቪትዝ የምትነዳውን ሴትዮ፣ ተሳፋሪው ደግሞ ሁሉንም። ትራፊኩ መጥቶ አንድ በአንድ አያቸውና "በሉ መንገዱን ልቀቁ!" አለ። አለቀ።

ጥፋተኛው ማን ነበር? ሚኒባሱ ውስጥ የነበርነው አሥራ ምናምን ሰዎች መስማማት አልቻልንም። እኛም ሳምንቱን ሙሉ ቡና ላይ ስንጨቃጨቅበት ሰንብተን በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ደረስን። ሞተረኛ በቆሙ መኪኖች መሐል ማለፉ በራሱ ጥፋት መሆን የለበትም። ይፈቀድለት። በጽሑፍ፣ በቁጥር፣ ከነገደቡ ይፈቀድለት።

"እነዚህን እብዶች ጭራሽ ፈቃድ ልትሰጧቸው?" ያላችሁን ሰምተናል። ትንሽ ታገሡን።

አንደኛ ነገር፣ እየተደረገ ነው። ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ሳር ቤት መኪና በቆመበት ሁሉ ሞተር ያልፋል። አንዱ ትራፊክ አይቶ እንዳላየ ይሆናል፣ ሌላው ያስቆማል፤ እንደየሰዓቱና እንደየፊቱ ነው። ከመሐላችን አንዱ ሁለት ዓመት በሞተር ዕቃ ሲያደርስ ኖሯል። ደንበኛው በየአምስት ደቂቃው "የት ደረስክ?" ይላል፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ክፍያው በጉዞ ብዛት ነው። ከመኪና ኋላ ተሰልፎ ከቆመ የቀኑ እንጀራ የለም። ስለዚህ ያልፋል። የሚያልፈው ግን ትራፊክ ሳያየው ለመሰወር ነውና እየከነፈ ያልፋል። እኛን የሚያስፈራን ማለፉ ሳይሆን ይህ መክነፉ ነው።

ከተማችን ሞተርን የምታስበው ደግሞ በሌላ ዓይን ነው። በ2011 ዓ.ም. ሞተር ለዝርፊያና ለወንጀል መጠቀሚያ ሆኗል ተብሎ ከሰኔ 30 ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ስለ ማን ይንዳ ብዙ ተባለ። እንዴት ይንዳ የሚለው ግን የሞተረኛውና የፈጣሪው ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ይህን ጥያቄ አፍ አውጥተው የጠየቁ አገሮች አሉ። ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ወዳጆቻችን በመኪናችሁ ግራ ሽው ብሎ የሚያልፈውን ሞተረኛ ለምዳችሁታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ነገሩ ለረጅም ዓመታት የተፈቀደም የተከለከለም አልነበረም፤ ሕጉ ዝም ብሏል፣ ፖሊስም ዝም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 የግዛቲቱ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ለሞተረኞች የምክር ጽሑፍ አወጣ። ፖሊስ በራሱ ሥልጣን ደንብ ማውጣት አይችልም የሚል አቤቱታ ከአንድ ዜጋ ቀረበና በ2014 ጽሑፉ ተነሣ። በ2016 ኤቢ 51 የተባለው ሕግ በገዥው በጄሪ ብራውን ተፈርሞ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ጸና። የሚገርመው፣ ቀደም ያለው ረቂቅ ቁጥር ነበረው፤ ሞተረኛው ከሌላው ትራፊክ በሰዓት ከ15 ማይል (24 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ እንዳይፈጥን፣ በጠቅላላውም ከ50 ማይል (80 ኪሎ ሜትር) እንዳያልፍ ይል ነበር። ቁጥሩ እንዲወጣ ተደረገና ለፖሊስ መመሪያ የማዘጋጀት ሥልጣን ተሰጠው።

ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት ግጭት የደረሰባቸውን ወደ 6,000 የሚጠጉ ሞተረኞች መዝገብ አገላብጠዋል፤ ከእነዚህ 997ቱ በግጭቱ ሰዓት በመኪኖች መሐል እያለፉ ነበር። መሐል ለመሐል ሲያልፉ ከተጋጩት ጭንቅላታቸው የተጎዳው 9 በመቶ፣ ከሌሎቹ ግን 17 በመቶ ናቸው። ሞት 1.2 በመቶ ለ3 በመቶ። ከኋላ በመኪና መገጨትም ለሚያልፉት ያነሰ ነው። የፊታቸውን መኪና በመግጨት ግን እነሱ በእጅጉ ይበልጣሉ፤ ይህንንም አንደብቅም። ደግሞም እነዚህ ሰዎች የተሻለ ሄልሜት የሚያደርጉ፣ በሥራ ቀንና በሥራ መግቢያ መውጫ ሰዓት የሚነዱ፣ ጠጥተው የመገኘታቸው ነገርም ያነሰ ናቸውና ልዩነቱ በሙሉ ከማለፉ የመጣ አይደለም። አጥኚዎቹ ያሉት ዋናው ነገር የፍጥነት ልዩነቱ ነው። ትራፊኩ ከ80 ኪሎ ሜትር በታች እየሄደ ሞተረኛው ከ24 ባልበለጠ ቢቀድመው ነገሩ ያን ያህል አያሰጋም፤ ከዚያ ካለፈ ጉዳቱ ይከብዳል።

እዚህ ላይ ከካሊፎርኒያ እንለያለን። የእነሱ መንገድ ብዙ ጊዜ እግረኛ የማይረግጠው አውራ ጎዳና ነው። የእኛው? በቆሙ ሁለት ረድፍ መኪኖች መሐል ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ ይሄዳል። ልጇን ያዘለች እናት መስኮት ታንኳኳለች። ዜብራው ሩቅ የሆነበት ሁሉ በመኪኖቹ መሐል ብቅ ይላል፤ ያውም ከአይሱዙ ኋላ፣ ምንም ሳይታይ! ሚኒባስ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ መሐል ረድፍ ላይ ቆሞ ሰው ያወርዳል፣ በሩም በቀኝ ነው። የአርቡ ግጭት የደረሰው እዚያው በቀኝ በኩል ነው። ካሊፎርኒያ ያለው መመሪያ እንኳ ለማለፍ የሚሻለው በግራ ጫፍ ባሉት ሁለት ረድፎች መሐል ነው ይላል፤ ለእኛማ ሚኒባስን በቀኝ ማለፍ ጨርሶ መከልከል አለበት።

ለእኛ የሚቀርበው የዩታ ግዛት በ2019 ያወጣው ሕግ ነው። እዚያ ሞተረኛ ማለፍ የሚችለው መኪኖቹ ከቆሙ ብቻ ነው፤ መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ሁለትና ከዚያ በላይ ረድፍ ሊኖረው ይገባል፣ የሞተሩ ፍጥነትም ከ15 ማይል አይበልጥም። ብዙ ሐበሻ ያለበት ኮሎራዶም በ2024 ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል፤ ያውም በ2027 የሚያበቃ፣ ለሙከራ። ይህ የሙከራ ነገር ደስ ብሎናል። እኛም ከመገናኛ ቦሌ ለአንድ ዓመት ሞክረን ማየት ማንን ይገድላል?

ቁጥሩን አጥብቀን የምንይዘው ለሌላም ምክንያት ነው። "በጥንቃቄ ይለፍ" የሚል ደንብ የእኛ አገር መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጥንቃቄው ስንት እንደሆነ የሚተምነው ደብተር የያዘው ሰው ይሆናል። "መኪኖቹ ቆመው፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ፣ ሚኒባስን በቀኝ ሳያልፍ" ከተባለ ግን ሞተረኛውም ሾፌሩም ትራፊኩም የሚከራከሩበት ነገር ይኖራቸዋል። እግረኛ መንገድ ላይ ለሚወጣው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ለሚመጣው ሞተረኛ ግን አንከራከርም። እሱ ይቀጣ።

"እኛ በሙቀት ተቀቅለን ተሰልፈን እነሱ ለምን ይቅደሙ?" የሚለውን ቅሬታ እንረዳለን፤ እኛም እኮ ሚኒባስ ውስጥ ነው ያለነው። ግን ሞተረኛው አጠገባችሁ ሲያልፍ ቦታችሁን አልወሰደም። ከኋላችሁ ቢሰለፍ ኖሮ የአንድ መኪና ቦታ ይይዝ ነበር። በ2011 ቤልጂየም ውስጥ በሉቨንና በብራስልስ መሐል ባለው መንገድ ላይ በሞዴል የተሠራ ጥናት፣ ከመኪና ነጂዎቹ 10 በመቶው ወደ ሞተር ቢዞሩ ሁሉም ሰው በመጨናነቅ የሚያጠፋው ጊዜ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ብራስልስ አዲስ አበባ አይደለችም፣ ይገባናል። ቢሆንም አንድ ሰው በአንድ መኪና ሆኖ የሚሰለፍበትን የቦሌን መንገድ ላየ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህን ጽሑፍ ለሞተረኛው ባልደረባችን አስቀድመን አስነበብነው። "20 ኪሎ ሜትር በጣም አንሷል፣ 30 አድርጉት" አለ። ድምፅ ሰጠንበት። ተሸነፈ። እሱ አሁንም እየተነጫነጨ ነው፤ አርብ ዕለት እግሯን ያሳረፈችውን ወራጅ ግን እኛ በዓይናችን አይተናታል።