ወደ ዩኒቨርሲቲው አማካሪ ስለሚሄድ ልጅ

የአሰንዳቦ ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲን የሚያውቀው በወሬ ብቻ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ተቋም ሆኖ የተጀመረው፥ በ1992 ዓ.ም. ከግብርናው ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በሕዝብ መካከል ማስተማር ልማዱ ስለ ሆነ፥ ነጭ ጋዋን የለበሱ ወጣቶች በጤና ጣቢያው ሲሠሩ ማየት ለከተማው እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ ወባና ስለ ውሃ የሚነግሩንን ምክር በደስታ እንቀበላለን።

ነገር ግን ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ፥ ምናልባትም የገዛ ልጃችን፥ እንቅልፍ አጥቶ፥ መብል ጠልቶ፥ አንዲት ገጽ ማንበብ ተስኖት በስልክ «ወደ አማካሪው ልሂድን?» ብሎ ቢጠይቀን፥ ብዙዎቻችን «አብደሃል እንዴ?» እንላለን። ልጁም ያን ጊዜ አፉን ይዘጋል፤ ሁለተኛ አይጠይቅም።

የምክር ክፍል የእብዶች መዝገብ አይደለም። ከቤቱ ተለይቶ የማያውቅ፥ በመጀመሪያው ፈተና የወደቀ፥ ወላጁ የሞተበት፥ ከመኝታ ጓደኞቹ ጋር የተጣላ ሁሉ ሊሄድበት የሚገባ ቦታ ነው። ጥቂት ጊዜ ተነጋግሮ ወደ ትምህርቱ የሚመለሰው ብዙ ነው። አማካሪው መድኃኒት አያዝም፤ ሕመሙ ከምክር በላይ መስሎ ከታየው ወደ ሐኪም ይልካል። ይህን ስንሰማ የምንደነግጠው ምናልባት ከድሮው የተነሣ ይሆናል። ቀድሞ የአእምሮ ሕመም ሲባል ትዝ የሚለን አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አገራችንም የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የጀመረችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ግን ሕክምናው በጅማው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ከአሰንዳቦ በሰርቦ በኩል ሄዶ በዕለቱ መመለስ ይቻላል።

ወላጅን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው የስሙ ነገር ነው። «ለሬጅስትራር ይነገራል፤ በዲግሪው ላይ ይጻፋል፤ ሥራም ትዳርም ያጣል» ይባላል። በዲግሪ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም። የንስሐ አባት የሰሙትን እንደማያወጡ የምናውቅ ሰዎች፥ አማካሪም በሙያው ደንብ ምሥጢር እንዲጠብቅ የታዘዘ መሆኑን መረዳት አይከብደንም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የልጁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ አማካሪው ሊያድን ለሚችል ሰው ይናገራል። ከዚህ ውጭ «ልጄ ምን አለህ?» ብለን ብንጠይቀው ያለ ልጁ ፈቃድ አይነግረንም፤ ልንቀየመውም አይገባም፤ ልጁ ሊናገር የደፈረው በዚሁ ምክንያት ነውና።

ስሙን ሊያጠፋ የሚችለውስ መሸሸጉ ነው። በመኝታ ክፍሉ ተከቶ ፈተና ያለፈው ልጅ በውጤቱ ይባረራል፤ በጊዜ የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ በሥርዓቱ ያቋረጠው ግን ለመመለስ በር ይኖረዋል። ሁለቱም አንድ ሕመም ታመው ሊሆን ይችላል።

በጅማ ምድር ስለምንኖር አንድ ነገር ልጨምር፤ ለፈተና ብሎ ጫት እየቃመ የሚያድር ተማሪ «እንቅልፍ አጣሁ» ሲል ጫቱን ከአማካሪው አይሸሽግ።

«ጸበል እያለ ወደዚያ መሄድ ሃይማኖትን መካድ ነው» የሚሉም አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ለነበሩት የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን እናስታውስ። ለልቡና ሕመም ነገሩ የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ልጁ «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ ቃሉን ሳናቃልል «ራስህን ለመግደል አስበሃልን?» ብለን በግልጥ እንጠይቀው። መጠየቅ ያላሰበውን አያሳስበውም፤ ብቻውን የተሸከመውን እንዲናገር ይረዳዋል እንጂ። አዎን ካለ ብቻውን አንተወው፤ ጓደኛው አብሮት እንዲቀመጥ አድርገን ያን ዕለት ወደ ጅማ እንነሣ።

መድኃኒት የታዘዘለት እንደ ሆነ፥ ለድባቴ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለ ሆነ፥ በአምስተኛው ቀን «አልረዳውም» ብለን አናስጥለው፤ ተሻለኝ ብሎም በገዛ እጁ በድንገት አያቋርጥ። ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመጣ እስኪመለስ የሚበቃውን ከሐኪሙ አስቈጥሮ ይያዝ።