የጠጋኙ እጅ

የምሥራቅ ጎጃሙ ደብረ ኤልያስ ሲነሣ ቅኔው ይቀድማል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ደብሮች አንዱ ነው፤ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስም እንደዚሁ። እንዲህ ያለ ስም ያለው ደብር ዘንድ የሚሄድ እንግዳ ትልቅ የትምህርት ሕንፃ ቢፈልግ ይቸገራል። የቅኔ ተማሪ ጎጆውን በገዛ እጁ ይቀልሳል፤ እንጨቱን ለምኖ፣ ሣሩን አጭዶ። ክረምቱ ሲበረታ ጎጆዋ ትዘማለች። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ ላይ ደርሶ፣ ተመርቆ ወደ ሌላ የኔታ ሲሻገር ለተከታዩ ትቶለት ይሄዳል። ተከታዩም ይደግፋታል፤ ካልሆነም አፍርሶ እንደገና ይሠራታል። የኔታ የያዙት ሙያ ከየኔታቸው የተቀበሉት ነው፤ እርሳቸውም ከሌላ የኔታ። ትምህርቱን እዚህ ያደረሰው ይህ ቅብብሎሽ ነው።

ስለ አሮጌ ቤትና ከአባት ለልጅ ስለሚተላለፍ ሙያ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። የቆየውን እናከብራለን፤ የቆየውን የሚጠግነውን ሰው ግን አናየውም።

በጎጃም ደጋ የጭቃ ቤት አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፣ ቀናት ይተኛል፣ እንደገና ይረገጣል። በደንብ ሳይቦካ የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ልምድ ያለው መራጊ ጭቃው መድረሱን በእጁ ጨብጦ፣ በአፍንጫውም ጭምር ይለየዋል። ክረምት ሲገባ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሬት ላይ እየነጠረ የግድግዳውን እግር ይበላል። ሰኔ ላይ ጣት የማታስገባ ስንጥቅ መስከረም ላይ ማገሩን ታሳያለች። ማገሩ እርጥበት ካገኘው ምስጥ ይከተላል፤ ምስጥ ከገባ በኋላ የሚድነው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዝናቡ ሲያቆም ምርጊቱ ይታደሳል። አርባ ዓመት የቆመ የጭቃ ቤት ማለት አርባ ጊዜ የተጠገነ ቤት ማለት ነው። ያን የጠገነውን ሰው ስም ግን የሚያስታውስ ጎረቤት እንኳ አይገኝም።

ድንጋይም ከዚህ አያመልጥም። በዚያው በምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም ላይ፣ ንግሥት እሌኒ በጌጥ የተጠረበ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ጦርነት አፈረሰው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን ሊያነሡት ሞከሩ፤ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሹ ነው። በየገጠሩ ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርተው፣ ክዳናቸው በየጊዜው እየተለወጠ፣ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ በቦታቸው ሆነው ይቀደስባቸዋል። ሣሩ በቆርቆሮ የተተካባቸው ብዙ ናቸው። ከድንጋዩ የበለጠ ያቆያቸው የሚከድናቸው ሰው አለመጥፋቱ ነው።

በከተማ ውስጥ ያለው ጉዳይ ይለያል። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራይ ስለቀነሰ ለብዙ ድኻ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ ትክክል አይሆንም። ሆኖም ቤትና ጠጋኝ በዚያ ቀን ተለያዩ። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ በሆነ የቀበሌ ቤት ውስጥ ልጁ የአባቱን ሚዛንና ደንበኛ ይወርሳል፤ ግድግዳውን ግን አይወርስም። ያለ ፈቃድ ቆርቆሮ ቢለውጥ ይጠየቃል። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ደግሞ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ የለውም፤ ከእንዲህ ያለ ትንሽ ኪራይ ከየት ያመጣል? ስለዚህ በሚያፈስሰው ጣሪያ ላይ ላስቲክ ይዘረጋል፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጫንበታል፣ ሌላ ዓመት ይታለፋል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሰፊ ክፍሏ ሲፈርስ ብዙ ሰው ስለ ቤቶቹ እርጅና ተከራከረ። እኔ ግን ይህን እጠይቃለሁ፦ ሃምሳ ዓመት ያህል እነዚህን ቤቶች የመጠገን ኃላፊነት የማን ነበር?

ከዚህ የሚብሰው የሙያው ነገር ነው። አገራችን ከወላጅ ለልጅ የተላለፈ ሙያ ሞልቷታል፤ ሽመና፣ ብረት ቅጥቀጣ፣ ሸክላ፣ ቆዳ ፍቀት። የተላለፉት ግን በአብዛኛው በክብር አይደለም፣ በመገለል ነው እንጂ። ገበሬው ማረሻውን ለማሾል ወደ ቀጥቃጩ ቤት ማልዶ ይሄዳል፤ ልጁን ለቀጥቃጩ ልጅ አይድርም፤ ዘወር ሲል ቡዳ ይለዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሄደ፤ ስድቡ ከአደባባይ ቢቀንስም ከጋብቻ ጉዳይ አልወጣም። የሸማኔ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ መወርወሪያውን ቢጥል ማን ይፈርድበታል? የምንወቅሰው እሱን መሆን የለበትም።

ሙያ በክብር የሚተላለፍበትም አገር አለ። ጃፓን ውስጥ ኮንጎ ጉሚ የሚባል የቤተ መቅደስ አናጢዎች ድርጅት አለ፤ የተመሠረተው በ578 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይነገራል። ከብዙ ዘመን በኋላ ዕዳ በዝቶበት በ2006 እ.ኤ.አ. በሌላ ኩባንያ ሥር ገባ፤ አናጢዎቹ ግን ሥራቸውን አልተዉም። የኢሴ መቅደስ ደግሞ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት፣ በጥንቱ አሠራር እንደገና ይገነባል፤ ባለፈው ጊዜ የታደሰው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሽማግሌው አናጢ ወጣቱን አጠገቡ አድርጎ ስለሚሠራ ሙያው ከሰው እጅ አይጠፋም። በእኔ እይታ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ጎጆ ጋር አንድ ሐሳብ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ አናጢያቸውን ማክበራቸው ነው።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባለይዞታው ቅርሱን እንዲንከባከብ ያስገድዳል፤ ለጥገና ሥራም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚጠግነው ባለሙያ ግን ከወዴት ይመጣል?

ከትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ትልቅ በጀት አልጠብቅም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ጣሪያ ሲለውጥ ወጪው ከኪራዩ ይታሰብለት። ሰበካ ጉባኤ አሮጌውን አፍርሶ በብሎኬት ለመሥራት ብር ከመሰብሰቡ በፊት የአጥቢያውን አናጢ ጠርቶ ምሰሶውን ያስፈትሽ፤ ብዙ ጊዜ የበሰበሰው እግሩ ብቻ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ከሲሚንቶው ጎን ምርጊትና ክዳን የሚያውቁ አዛውንቶችን ያስተምሩ ዘንድ ይቅጠሩ፤ ዲግሪ አይጠይቋቸው፤ ተማሪ ግን ይስጧቸው። ቀጣዩ ክረምት ሰኔ ላይ ይገባል፤ ምርጊት የሚሹት ግድግዳዎች ደግሞ በየሰፈሩ ከወዲሁ ይታወቃሉ።